በመቶ ሰው የቆመች መንደር

እስኪ ሰብሰብ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ወሬ የመንገድ ወሬ ነው፤ ወደ ካታሎኒያ ገጠር ይዣችሁ ልሄድ ነው። ካታሎኒያ ሲባል መቼም ባርሴሎና ቀድማ ትመጣባችኋለች፤ ኳሷ፣ ባሕሯ፣ የጋውዲ ሕንፃዎች፣ እንቅልፍ የማያውቀው ጎዳናዋ። እሷን ዛሬ ከኋላችን እንተዋታለን። የምንሄድባት መንደር ዱሮ ትባላለች፤ በሰሜን፣ በፒሬኔ ተራሮች ላይ ናት። ነዋሪዋ መቶ ገደማ ነው። አንድ ደህና የሰርግ ድንኳን ቢተከል፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል መንደሩ በሙሉ ይቀመጥበታል። ይህች ትንሽ መንደር ታዲያ ከእኛ ጋር የሚያዛምዳት ነገር አላት፤ እሱን ተራራው ላይ ስንደርስ ታገኙታላችሁ። ዘመን ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ስቆጥር እነግራችኋለሁ።

መንገዱ ከባርሴሎና ወደ ሰሜን ምዕራብ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። መጀመሪያ ፋብሪካውና መጋዘኑ ይሸኛችኋል። ቀጥሎ የሌይዳ ሜዳ ይመጣል፤ የኮክና የፖም፣ የእህልና የመስኖ አገር ነው። ከዚያ ምድሩ መነሣት ይጀምራል። ኮረብታው ተራራ እየሆነ፣ ገደሉ እየቀረበ፣ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ኤል ፖን ደ ሱዌርት ትደርሳላችሁ፤ አልታ ሪባጎርሳ የተባለችው አውራጃ ዋና ከተማ ናት። ከዚህ በላይ መንገዱ ኖጌራ ደ ቶር የሚባለውን ወንዝ ይዞ ይወጣል። የቦኢ ሸለቆ የሚባለው ይህ ነው። ወንዙ ከሐይቆቹና ከሚቀልጠው በረዶ እየተቀዳ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ይወርዳል። ከሸለቆው ራስጌ ከ3000 ሜትር የሚያልፉ ጫፎች ተደርድረዋል።

በሸለቆው ወለል ላይ ባሩዌራ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ስትደርሱ ዋናውን መንገድ ተዉት፤ ወደ ቀኝ የሚገነጠል ጠባብ መንገድ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ መኪናውን ከታች አቁሞ፣ የአገሬው ሰውና በቅሎ ሲመላለሱበት በኖሩት የእግር መንገድ ይውጣ። በ1386 ሜትር ከፍታ ላይ ዱሮ ትጠብቃችኋለች። የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ሰው በከፍታው አይደነቅም፤ ብርዱ ግን ሌላ ነው። በክረምታቸው በረዶ ጣሪያው ላይ ይከመራል፤ ከብት ከበረት አይወጣም።

ደረስን። ሞተሩ ሲጠፋ ጆሯችሁ ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል፤ የለመደውን ጫጫታ ሲፈልግ ያጣዋል። ቀስ እያለ ግን የመንደሩ ድምፅ ይመጣል። ከአንድ ጥግ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ከመስኩ የላም ቃጭል ይሰማል። ደወሉ ሰዓቱን ሲመታ ከማዶው ተራራ ገጭቶ ይመለሳል። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር፣ ከሁለት ቤት በላይ ያለው ሰው ሳይፈልግም ይሰማል።

ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው። ጣሪያቸው ከተራራው ተፈልጦ የወጣ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ በረዶው እንዲንሸራተት ዘመም ተደርጎ ይሠራል። ከመኖሪያው ጎን ከታች ከብት፣ ከላይ ድርቆሽ የሚገባበት ጎተራ አለ። የዚህ አገር ኑሮ በሣር ላይ የቆመ መሆኑን ከዚህ ታውቃላችሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ከብቱና በጉ ወደ ደጋው ግጦሽ ይወጣል፤ በመንደሩ ዙሪያ ያለው ሣር ደግሞ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ጎተራ ይገባል። በረዶ መሬቱን ሲሸፍን ከብቱ የሚኖረው በዚያ ድርቆሽ ነው። ሣሩ በጊዜው ካልታጨደ ክረምቱ አይታለፍም ነበር። ስለዚህ መንደሩ ዝም ያለ ቢመስላችሁ ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ ሰው መስክ ላይ ነው።

በመንደሩ ውስጥ ከቤቶቹ ሁሉ ራሱን ያወጣ አንድ ሕንፃ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን የደወል ግንብ ያለው፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ነው። ታቦቱ የማን ነው ብላችሁ በእኛ ወግ ብትጠይቁ፣ የእመቤታችን ልደት ነው ይሏችኋል። ልደታ ማለት ናት። እነሱ በሴፕቴምበር 8 ያከብሯታል፤ እኛ ግንቦት 1 ቀን፣ ንፍሮውን ቀቅለን፣ ከደጅ ወጥተን እናከብራታለን።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። መቶ ሰው ለሚኖርበት መንደር ይህን የሚያህል ሕንፃ ከየት መጣ? የሚገርመው ደግሞ ዱሮ ብቻ አይደለችም። ታኡል የምትባለው መንደር ሁለት እንዲህ ያሉ ቤተ ክርስቲያናት አሏት፤ ቦኢም አላት፤ ኤሪል ላ ቫልም፣ ባሩዌራም፣ ካርዴትም፣ ኮልም አሏቸው። በአንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸለቆው ባላባቶች የኤሪል ወገን ነበሩ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአራጎን ንጉሥ ቀዳማዊ አልፎንሶ በደቡብ ካሉት የሙስሊም ገዥዎች ጋር ይዋጋ ነበር፤ በ1118 ሳራጎሳን ያዘ። የኤሪል ሰዎችም አብረውት ዘመቱ፤ ከዘመቻውም ሀብትና ክብር ይዘው ተመለሱ። ያንን ሀብት ድንጋይ ላይ አዋሉት። ግንባታው ከጣሊያን ሎምባርዲያ የተስፋፋውን የግንበኝነት ጥበብ ተከተለ፤ ቀጫጭን ረጃጅም የደወል ግንቦች፣ ጥንድ ጥንድ መስኮቶች፣ ከጣሪያው በታች ተሰልፈው የሚሄዱ ትናንሽ ቅስቶች። በታኡል የሚገኘው የቅዱስ ክሊመንት ቤተ ክርስቲያን በዲሴምበር 10 ቀን 1123 ተባረከ፤ የሮዳው ጳጳስ ራሞን መጥተው ባረኩት፤ በማግሥቱ ደግሞ እዚያው ታኡል ውስጥ ያለችውን ማርያምን ባረኩ። የቅዱስ ክሊመንቱ ቡራኬ በዓምድ ላይ በቀለም ተጽፎ ተገኝቷል። በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ ገና ዙፋን ላይ ያልወጣበት ዘመን መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ሀብቱ ሄደ። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ራቀ፣ ባላባቶቹም አብረውት ራቁ፣ ሸለቆው በበረዶውና በገደሉ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ሌላው አገር በየዘመኑ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን እያፈረሰ በአዲሱ ስልት ሲያሠራ፣ የቦኢ ሰው ለማፍረስም ለማሠራትም ገንዘብ አልነበረውም። የባለጠጋ ዘመን የሠራውን የድሀ ዘመን ጠበቀው። ዩኔስኮ በ2000 ዘጠኙን የሸለቆውን ቤተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሁለቱ የዱሮ ነበሩ። አንደኛዋን አይተናል። ሁለተኛው ከመንደሩ በላይ ነው፤ እንውጣ።

ከመንደሩ ወደ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይኬዳል። በመስኩ መካከል፣ በድንጋይ ካብ ዳር እያላችሁ ትወጣላችሁ። ከብት እንዳይወጣ የተዘጋ በር ካጋጠማችሁ ከፍታችሁ እለፉ፤ ስታልፉ ግን መልሳችሁ ዝጉት፤ የገጠር ሕግ በየትም አገር አንድ ነው። መጨረሻ ላይ ተራራው ትከሻ የሚመስል ቦታ ያወጣል፤ እዚያ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጸሎት ቤት ብቻዋን ቆማለች። አንድ ክፍል ናት፤ መንበሩ ያለበት ወገን ክብ ነው፤ ደወሉ የሚሰቀልበት ትንሽ የግድግዳ ከፍታ አላት። ከፊቷ ሸለቆው በሙሉ ይታያል። እሷም በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች ናት።

ይህች የማን ናት? የመንደሩ ሰዎች የሳንት ኪርክ ናት ይላሉ። ሳንት ኪርክ ማን ነው ስትሉ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው ይሏችኋል፤ ከእናቱ ከሳንታ ጁሊታ ጋር ሰማዕት የሆነ። አወቃችኋቸው? ቂርቆስና ኢየሉጣ ናቸው እንጂ! በወር በ15 የምንዘክረው ቂርቆስ። ሐምሌ 19 ቀን በገብርኤል ንግሥ ታሪኩ የሚነበበው፣ ከፈላው ጋን ውስጥ እናቱን አጽንቶ የቆመው ያ ሕፃን።

እስኪ አስቡት እንግዲህ። አዲስ አበባ ላይ ልደታና ቂርቆስ ሁለት የሚዋሰኑ ክፍለ ከተሞች ናቸው፤ ታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ስማቸውን ሲጠራ ይውላል። በፒሬኔ ተራራ ላይ ደግሞ፣ መቶ ሰው በሚኖርባት መንደር፣ ልደታ ከታች፣ ቂርቆስ ከላይ ሆነው ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንዱ ወገን ከሌላው አልቀዳም። ቂርቆስና ኢየሉጣ በአራተኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ዘመን፣ በጠርሴስ ከተማ እንደ ተሠዉ ይነገራል። ዝናቸው ገና ከጥንቱ በምሥራቅም በምዕራብም ተሰማ፤ ፈረንሳዮች ሲር እያሉ በስሙ ብዙ መንደሮቻቸውን ሰየሙለት፤ ካታሎኖች በተራራቸው ላይ ቤት ሠሩለት፤ እኛም ገድሉን በግእዝ ጽፈን ደብር ተከልንለት። ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ በሁለት አቅጣጫ የሄደ ታሪክ ነው።

አተራረኩ ትንሽ ይለያያል። በምዕራቡ ወሬ ሕፃኑ እኔም ክርስቲያን ነኝ ብሎ በመኰንኑ ፊት ይመሰክራል፤ መኰንኑም ተቆጥቶ ከደረጃው ላይ ይወረውረዋል። በእኛ ዘንድ የታሪኩ ልብ ጋኑ ነው። እናት የሚንተከተከውን ውሃ ስትሰማ ትፈራለች፤ ልጅ ያጽናናታል፤ ይጸልይላታል፤ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ እሳቱን ያበርድላቸዋል። ኢትዮጵያዊት እናት ይህን ስትሰማ ለምን እንደምታለቅስ ታውቃላችሁ። ልጅ ወላጁን ሲሸከም ማየት ነው።

ታዲያ የዱሮ ሰዎችም ያንን ጋን ያውቁት ነበር። ለዚህች ጸሎት ቤት መንበር ፊት የቆመ፣ በእንጨት ላይ የተሳለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ነበራቸው። በመካከሉ ኢየሉጣ ልጇን ታቅፋ በክብር ተቀምጣለች። በዙሪያው በአራት ክፍል የመከራቸው ታሪክ ተስሏል፤ መጋዙ አለ፣ ሰይፉ አለ፣ ምስማሩ አለ፣ የሚፈላውም ጋን አለ። ክንፉን የዘረጋውን ገብርኤል በየቤተ ክርስቲያናችን ሲያይ ያደገ ዓይን፣ ይህን ጋን ባየ ጊዜ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ሥዕሉን ግን ዱሮ ላይ አታገኙትም። ባርሴሎና ነው ያለው፤ ሞንጁይክ ኮረብታ ላይ ባለው የካታሎኒያ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ። ከዚህ ሸለቆ የሄደው እሱ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የሥዕሎቹን ስደት ልንገራችሁ።

በ1907፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ጥቂት የባርሴሎና ሊቃውንት በበቅሎ ሆነው ወደነዚህ ተራሮች መጡ። መሪያቸው ዡሴፕ ፑች ኢ ካዳፋልክ የተባለ አርክቴክት ነበር፤ ፎቶ አንሺው አዶልፍ ማስ። በዚያን ጊዜ ወደ ሸለቆው የሚያስገባ የሠረገላ መንገድ እንኳ አልነበረም። በየመንደሩ እየገቡ ለኩ፣ ነደፉ፣ ፎቶ አነሡ። በኤሪል ላ ቫል ክርስቶስን ከመስቀል ሲያወርዱት የሚያሳዩ ጥንታዊ የእንጨት ቅርጾች አገኙ። በታኡል በቅዱስ ክሊመንት ውስጥ፣ በኋላ ዘመን በቆመ የመንበር ሥዕል በከፊል ተሸፍኖ፣ ክርስቶስ በግርማ የተቀመጠበትን የግድግዳ ሥዕል አዩ። በአንድ እጁ ይባርካል፤ በሌላው የተከፈተ መጽሐፍ ይዟል፤ በመጽሐፉም ላይ እሱ የዓለም ብርሃን መሆኑ ተጽፏል። ሰማያዊው ቀለም ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ኖሮ ገና አልደበዘዘም ነበር።

ሊቃውንቱ ያዩትን አሳተሙ። የታተመው ግን ለሚወዱትም ለሚነግዱትም ደረሰ። የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ዋጋውን ተረዱ። ሳንታ ማሪያ ደ ሙር ከተባለ፣ ከቦኢ ሸለቆ ውጭ ካለ ሌላ የካታሎኒያ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥዕሉ ከነግርማው ከግድግዳ ተላቆ ተሸጠ፤ ባሕር ተሻግሮም ቦስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ። ዛሬም እዚያ ነው። ይህን የሰሙት የባርሴሎና ሙዚየሞች ኃላፊዎች ደነገጡ። የቀረው ሳይሸጥ እኛው እንግዛው ብለው ተነሡ፤ ያንኑ የማላቀቅ ጥበብ የሚያውቁትን ጣሊያናውያን፣ በፍራንኮ ስቴፋኖኒ መሪነት፣ ቀጥረው ወደ ሸለቆው ላኩ። ሥራው ከ1919 እስከ 1923 ተካሄደ።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ጨርቅ ከእንስሳ በሚገኝ ሙጫ ተነክሮ በሥዕሉ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ሲደርቅ ቀለሙን አጥብቆ ይይዘዋል። ያኔ ጨርቁ በጥንቃቄ ሲሳብ የሥዕሉ ገጽ ከግድግዳው ተልጦ አብሮት ይመጣል። ጨርቁ ይጠቀለላል፣ በበቅሎ ይጫናል፣ በገደሉ መንገድ ይወርዳል። ሰው አያት ቅድመ አያቱ ቀና ብለው ሲያዩት የኖሩት ግድግዳ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ይህ መታደግ ነው ወይስ መወሰድ? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መካድ አልችልም። ያ ሙጫና ያ በቅሎ ባይደርሱ ሥዕሎቹ ውቅያኖስ ይሻገሩ ነበር፤ ሥዕሎቹ እዚያው ቢቀሩም፣ በ1936 የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በካታሎኒያ ብዙ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ ማንም ገብቶ ያያቸዋል፤ በደንብ ተጠብቀዋል። ሆኖም ሥዕሉ የተሳለው ለዚያ መንበር፣ ለዚያ ሸለቆ እረኛ፣ ለዚያች ልጇ ለታመመባት እናት ነበር። እነሱ ቀና ሲሉ የሚያዩት አጡ። በታኡል ዛሬ ባዶው ግድግዳ ላይ በመብራት ትንበያ የጥንቱ ሥዕል መስመር በመስመር፣ ቀለም በቀለም እየተሳለ ይታያል፤ ከ2013 ጀምሮ ነው። ያየው ሁሉ ይደመማል። መብራቱ ሲጠፋ ግን ድንጋዩ ይቀራል።

ከሥዕሉ ቀጥሎ ሰውም ወረደ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሸለቆው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግድቦች ሲሠሩ መንገድ ገባ፤ በዚያው መንገድ ብዙ ወጣት ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ ወጣ። ዛሬ ከስምንት ሚሊዮን ገደማ የካታሎኒያ ሕዝብ ከአምስት ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በባርሴሎናና በዙሪያዋ ይኖራል። ዱሮ በአንድ ወቅት የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት፤ ዛሬ ግን ከሸለቆው መንደሮች ጋር በአንድ ማዘጋጃ ትተዳደራለች። ታዲያ ሥዕሉ ከሄደ፣ ወጣቱ ከሄደ፣ ማዘጋጃው ከሄደ ይህችን መንደር ምን አቆማት?

በሰኔ መጥታችሁ እዩ። በእነሱ ዘንድ የቂርቆስ በዓል ጁን 16 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 9 መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ዱሮ የችቦ በዓሏን ታከብራለች። በካታሎኒያ ቋንቋ ፋልያስ ይሉታል። በሸለቆው ካሉት መንደሮች ሁሉ ቀድማ የምታበራው ዱሮ ናት፤ ሌሎቹ ተከትለው እስከ ጁላይ ድረስ በየተራቸው ያበራሉ።

ችቦው የሚሠራው ሙጫው ከበዛ ጥድ ነው። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ይታሰራል። በምሽቱ ሰው ሁሉ ችቦውን በትከሻው ይዞ ወደ ቂርቆስ ይወጣል፤ ወንድ ሴት፣ ጎልማሳ ወጣት። ከተማ የገባው ልጅም ለዚህ ቀን ይመጣል። እላይ፣ በጸሎት ቤቷ አጠገብ፣ ትልቅ እሳት ይነዳል። ጨለማው ሲጠብቅ እያንዳንዱ ችቦውን ከዚያ ያቀጣጥላል። ከዚያም መስመር ይዘው ይወርዳሉ። ከታች መንደሩ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ፣ ተራራው ላይ የእሳት መስመር እየተጠማዘዘ ይመጣል፤ ይሰወራል፣ ይወጣል፣ ይቀርባል። የሙጫው ሽታ ከእሳቱ ቀድሞ ይደርሳል። ሽማግሌውና ሕፃኑ ከታች ይጠብቃሉ፤ ሲደርሱ ሙዚቃው ይነሣል፣ ይጨፈራል፣ ይበላል።

እንዲህ ያለው በዓል በካታሎኒያ ብቻ አይደለም፤ በአራጎን፣ በአንዶራ፣ በፈረንሳይ ወገን ባሉ ተራሮችም አለ። ዩኔስኮ በ2015 በ63 ከተሞችና መንደሮች ያለውን አንድ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ለወጣቶቹ የመጀመሪያውን ችቦ መሸከም ከልጅነት ወደ አዋቂነት መሻገር ነው። በአንዳንድ ቦታ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ከፍሙና ከአመዱ ወስዶ ቤቱንና አትክልቱን ይጠብቅልኛል ብሎ ያስቀምጣል። ከደመራ አመድ ግንባሩ ላይ መስቀል ያደረገ ሰው ይህን ሲሰማ ማስረጃ አይጠይቅም።

ጥያቄያችንን እዚህ ላይ እንመልሰው። ዱሮን ያቆማት ወደ ተራራዋ የሚወጣው እግር ነው። ሥዕል በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ቅርጽ በሣጥን ተጭኖ ይሄዳል፤ ከቂርቆስ ወደ ልደታ የሚወርደው መንገድ ግን በበቅሎ አይጫንም። ማንም ሙዚየም አይገዛውም። እዚያው ሆኖ፣ ሰው ሲረግጠው ብቻ ይኖራል። አንድ ዓመት ማንም ችቦ ይዞ ባይወርድ ሣር ይበቅልበታል፤ ሁለት ዓመት ባይወርድ ልጆች ማን ቀድሞ እንደሚወርድ፣ እንጨቱ እንዴት እንደሚታሰር ሳያውቁ ያድጋሉ። መቶው ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ እንጨቱን ይፈልጣል፤ ከተማ ያለ ልጁን ይጠራል፤ ዓመት ዓመት ይወጣል።

እናንተም ብትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ባርሴሎና ከሆናችሁ መጀመሪያ ሞንጁይክ ወጥታችሁ የኢየሉጣንና የልጇን ሥዕል ተመልከቱ፤ ሥዕሉን በዓይናችሁ ይዛችሁ ወደ ዱሮ ውጡ። ፎቶ አንሥታችሁ ወዲያው አትመለሱ፤ ብዙ ጎብኚ እንዲያ ያደርጋል፤ መንደሩን ሳይሰማ ይሄዳል። በሸለቆው እደሩ። የአገሩን አይብ ግዙ፤ ጂሬላ የሚሉትን፣ የበግ ሆድ ዕቃ ከሩዝና ከዳቦ ጋር ተቀላቅሎ ጨጓራ ውስጥ የሚሰፋውን ምግባቸውን ቅመሱ፤ የዱለት ወዳጅ አያፍርበትም። ያገኛችሁትን ሰው በቋንቋው ቦን ዲያ በሉት። ሣሩ ያልታጨደበትን መስክ አትርገጡ፤ ሣሩ የክረምት ምግብ ነው። የምታወጡት ገንዘብ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ መቶ ሰው ባለበት መንደር ማን እጅ እንደ ገባ በዓይን ይታያል።

ከዱሮ ስትመለሱ ደግሞ የራሳችሁን አስቡ። ከእናንተ መካከል የአያቱ ደብር በአንድ ኮረብታ ላይ ያለ፣ የንግሥዋን ቀን የሚያውቅ፣ ካየው ግን ብዙ ዓመት የሆነው ብዙ ሰው አለ። ዋሽንግተንም ይሁን አዲስ አበባ፣ ዱባይም ይሁን ቴል አቪቭ፣ ገንዘብ መላክ መልካም ነው፤ ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ግቢው ይታጠራል። ነገር ግን ታቦቱ ሲወጣ የሚያጅበው፣ ልጁን ይዞ ይህ የአያትህ መንገድ ነው የሚለው ሰው ከሌለ፣ ደብሩ በቆርቆሮ ብቻ አይቆምም። የዱሮ ሰዎች መቶ ናቸው፤ ግን ቂርቆስን ለዘጠኝ ክፍለ ዘመናት ብቻውን አልተዉትም። የእኛ ቁጥር ከእነሱ እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ምክንያት የለንም። የንግሡ ቀን ሲደርስ ሂዱ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።